የአዳማጯ ወንበር

ባሌን ሥራ ቦታ «ሜትር» ነው የሚሉት። የመለኪያ ሜትሩ ከወገቡ ጠፍቶ አያውቅማ። በሠርጋችን ቀን እንኳ ኮቱ ኪስ ውስጥ ይዞት ነበር፤ የደረስኩበት ከወር በኋላ ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ነው። ኪሱ ጥርሱን እንደታመመ ሰው ጉንጭ አብጦ ይታያል። እሱ አናጢ ነው፣ እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ። ግን ቤት አንሠራም፤ ቤት የሚመስል ነገር ነው የምንሠራው። ፊልም ሊቀረጽ ሲል ይጠሩናል፣ እሱ በኮምፔንሳቶ ግድግዳ ያቆማል፣ እኔ ግድግዳውን በሁለት ቀን አርባ ዓመት አስረጀዋለሁ። ቀረጻው ሲያልቅ ሁሉም ይፈርሳል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተን ለሰው «ይኼ የኛ ነው» ብለን የምናሳየው አንድ በር የለንም።

ይኼን ስለው አይቆጣም። «ኖሮስ ማን ይጠርገው ነበር?» ይለኛል።

ጉልበቱ ካለቀ ቆይቷል። አናጢ ሲባል ለሰው የሚታየው መዶሻ ነው፣ ለእኔ የሚታየኝ መንበርከክ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሚንቶ ላይ ተንበርክኮ፣ አሁን ደረጃ የሚወርደው መሄድ እንደጀመረ ሕፃን አንድ አንድ እግር እያስቀደመ ነው። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል ካለ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ወረፋ ከያዝን ደግሞ ስምንት ወር። ቀኑን ያገኘችልን ልጃችን ናት፤ ስልክ ላይ ተጥዳ ስትለማመጥ ውላ። ቅዳሜ ጠዋት። «ካልመጣ እንደገና ከመጨረሻው ይሰለፋል» ብለዋታል። እና ይኼ ሥራ የመጨረሻው ነበር፤ ዓርብ ሊያስረክብ፣ ቅዳሜ ሆስፒታል ሊገባ።

ሥራው አንድ ክፍል ነው። ከሃምሳ አንድ ዓመት በፊት ጨረቃን ዞራ ፎቶ እንድታነሳ አንዲት ሰው አልባ መንኮራኩር ተልካ ነበር። ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተደርድረው ተቀምጠው በሬዲዮ ያዟት ነበር፤ አንድ ቀን ዝም አለች፣ በዚያው ጠፋች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው። ክፍሉ በዓመቱ ፈርሶ መጋዘን ሆነ። አሁን ታሪኩ ፊልም ሊሆን ነውና ክፍሉ እንደነበረ ይሠራ ተባለ፤ እያንዳንዱ ጠረጴዛ፣ እያንዳንዱ ቁልፍ በነበረበት ቦታ።

ለዚህ የሰጡን ነገር ሁለት ነው። አንደኛው ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው፣ ከክፍሉ ኋላ የተነሳ፣ ግራ ጠርዙ የተቀደደ። የበር ያህል አስተልቀው ሥራ ቤታችን ግድግዳ ላይ ለጠፉልን። የጠረጴዛ ረድፍ፣ የስድስት ወንዶች ትከሻ፣ ፊት ለፊት ባዶ ነጭ ሰሌዳ፣ በቀኝ በኩል ወፍራም ምሰሶ፣ ምሰሶው ሥር ደግሞ ጆሮ ማዳመጫ ያደረገች አንዲት ወጣት። ከሩቅ ስለተነሳ ጽሑፍ የሚባል ነገር አይነበብበትም። ባሌ ከዚያች ብዥታ ሙሉ ክፍል አወጣ። «ወንበር የትም ወንበር ነው፣ መቀመጫው አርባ አምስት ሳንቲም» አለና ከወንበሩ ጠረጴዛውን፣ ከጠረጴዛው ምሰሶውን፣ ከምሰሶው ጣሪያውን እየለካ ወጣ። አራት ወር ፈጀበት።

ፎቶው ላይ ሦስቱ ወንዶች ሲጽፉ ይታያሉ፣ ሦስቱም በግራ እጃቸው። «ለጠፈር ሥራ የሚቀጥሩት ግራኝ ብቻ ነው እንዴ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ጎበዝ ሰው ግራኝ ነው» አለኝ። እሱም ግራኝ ነዋ። ሳቅን፣ ሻያችንን ጠጣን፣ አለፈ።

ሁለተኛው ነገር የመርማሪዎቹ መዝገብ ነው። መንኮራኩሯ ስትታመም የምትበራ ቀይ መብራት በግራው ግድግዳ ላይ ነበረች ይላል፣ ከወለሉ ሁለት ሜትር ከአሥር፣ ከፊተኛው ጥግ ሦስት ሜትር። መንኮራኩሯ በጠፋችበት ቀን በምሳ ሰዓት ሁሉም ወጥተው የቀረችው ልጅቷ ብቻ ነበረች፣ አዳማጯ። ሥራዋ የመንኮራኩሯን ድምፅ ማዳመጥ፣ መብራቱ ከበራም አለቃዋን መጥራት ነው። መብራቱ በራ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ ቆየ፣ ማንም አልተጠራም። አዳማጯ «ከእኔ ወንበር አይታይም፣ ምሰሶው ይከልለዋል» ብላለች። መርማሪዎቹ ደግሞ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ተቀምጠው «አንቀላፍታ እንደነበር ይገመታል» ብለው ጻፉ። አንዳቸው እንኳ ሄዶ ወንበሯ ላይ አልተቀመጠም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ የፊልሙም ጽሑፍ ከመዝገቡ ቀድቶ «አዳማጯ ታንቀላፋለች» ይላል።

መብራቷ ከፎቶው ላይ አትታይም። ባሌ ግን መዝገቡ ባለው ቦታ፣ በግራው ግድግዳ ላይ፣ ሳንቲም ሳይስት ለክቶ ሰቀላት።

አዳማጯ በሕይወት አሉ። ከዚያ ክፍል የተረፉት እሳቸው ብቻ ናቸው፣ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ከሥራ ከተባረሩ በኋላ የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፉ ኖረዋል። ዳይሬክተሩ ሁለት ጊዜ ጠርቷቸው እምቢ ብለው ነበር፣ በሦስተኛው ጥሪ ሐሙስ ጠዋት መጡ። ግራጫ ሹራብ፣ በሁለት እጅ የያዟት ቦርሳ። መግቢያው ላይ ቆመው ቀረሁ ሄድኩ ሲሉ አየኋቸው፣ አንድ እርምጃ ወደ ግራ፣ መልሰው ወደ ቀኝ።

«ወንበሬ… ይቅርታ ልጆቼ፣ እርጅና ነው፣ ሁሉ ነገር ተምታታብኝ» አሉ።

ባሌ ክርናቸውን ይዞ አደረሳቸው። ሊቀመጡ ዝቅ ሲሉ ዓይናቸውን ሳያዞሩ ግራ እጃቸውን ወደ ጎን ሰደዱ፣ የሚደገፉት ነገር ያለ ይመስል። ምንም አልነበረም። ሊወድቁ ሲሉ ያዛቸው። ተቀመጡ፣ ጆሮ ማዳመጫውን አደረጉ፣ ቁልፎቹን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። ከዚያ «መብራቱስ?» አሉ።

ኤሌክትሪሻኑ አበራው። ከግራው ግድግዳ ላይ፣ ባዶውን ክፍል አሻግሮ፣ ፊት ለፊታቸው ቦግ አለ። ዓይን ያለው ሰው ሊያመልጠው አይችልም።

ለረጅም ጊዜ አዩት።

«እንግዲያው ተኝቼ ነበር ማለት ነው» አሉ።

እሳቸው ጆሮ ማዳመጫውን አውልቀው ገመዱን ሰብስበው በሥርዓት አስቀመጡት። «ሃምሳ አንድ ዓመት አይታይም፣ አይታይም እያልኩ ሰው አሰለቸሁ። እናቴ ሳታምነኝ ሞተች፣ ተቀይሜያት ነበር። ለካ እውነቷን ነው።» ከዚያ ተነሱ፣ «እጃችሁ ይባረክ፣ ቁርጥ እሱን ነው» ብለው ወጡ። ቀለም ሳማስል እንባዬ ቆርቆሮው ውስጥ ገባ ብል ማጋነን አይደለም።

ባሌ ምሳ አልበላም። ፎቶው ፊት ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እኔ ከራሴ ጋር እያወራሁ ብሩሽ አጥባለሁ፣ ስናደድ ብሩሽ አጥባለሁ።

«እጃቸው» አለ።

«የቱ እጃቸው?»

«ሲቀመጡ ግራ እጃቸውን ሰደዱ። ሳያዩ። አንቺ ቤታችን ስትገቢ ማብሪያውን አይተሽ ነው የምትነኪው? እጅ እኮ አይረሳም። በግራቸው የሚደገፉት ነገር ነበረ።» ወደ ፎቶው ተጠግቶ፣ «ነይ እስቲ። የወንድ ሸሚዝ ኪሱ በየት በኩል ነው?»

የለበሰውን አየሁ። እርሳስ የሰካበት ኪስ በግራ ደረቱ ላይ ነው። ወደ ኋላ ዞር ብለው የሚያወሩ ሁለት ወንዶች ፎቶው ላይ ነበሩ። የሁለቱም ኪስ በቀኝ ነው። ከዚያ እነዚያን ሦስት ግራኞች አየኋቸው፣ ጉዱ ገባኝ፣ ቁጭ አልኩ።

«ገልብጠው ነው ያጠቡት» አለ። «ኔጋቲቩን በጀርባው አድርገው። ምሰሶው በግራ ነው የነበረው፣ የሳቸውም ወንበር በግራ። እኔ ይኼን ሁሉ ወር መስታወት ውስጥ ያለ ክፍል ስሠራ ነበር። መብራቱን ብቻ ከመዝገቡ ወስጄ በትክክለኛው ጎን ሰቀልኩት፣ ምሰሶው ግን ሌላ ጎን ቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን ሦስት ግራኝ በአንዴ ሲያይ ይጠረጥር ነበር። እኔ ግን ራሴን ያየሁ መሰለኝ።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቃል?» አልኩት። «መብራቱን ነቅለህ ወደ ቀኝ፣ ምሰሶው ጀርባ ስቀለው። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።»

«አዝነውልኝ ነው ያዛወሩት ይላሉ። ደግሞም እውነታቸውን ነው። መዝገቡ ግራ ይላል። መብራቱ ካለበት አይነቃነቅም፣ የሚዞረው ክፍሉ ነው።»

ክፍሉ! አሥራ አራት ጠረጴዛ፣ አራት ሜትር ምሰሶ፣ ሦስት ግድግዳ። ቀኑ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ከምሳ በኋላ። ያን ጊዜ ነው የፈነዳሁት።

«አንተ ሰውዬ፣ ቅዳሜ ምንድን ነው? ቅዳሜ ምንድን ነው እስቲ ንገረኝ!»

«አውቃለሁ።»

«ስምንት ወር! ሌሊት እግርህን እየያዝክ ስታቃስት የምሰማው እኔ ነኝ። ከራስ በላይ ነፋስ ነው፣ ገባህ? ሴትየዋ ላይ የፈረዱት መርማሪዎች ናቸው፣ አንተ ምን አገባህ?»

«እነሱማ ወረቀት ላይ ነው የፈረዱት፣ እሳቸውም ሃምሳ አንድ ዓመት እምቢ ብለዋቸው ኖረዋል» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፣ ቢያደርግ ይሻለኝ ነበር። «ዛሬ ነው ያመኑት። ያስተኛኋቸው እኔ ነኝ።»

እዚያው ቆሜ ለልጃችን ደወልኩና አባትሽ ቅዳሜ አይሄድም አልኳት። ጮኸችብኝ፣ ትጩህ፣ እኔም ጮኼያለሁ። ስልኩን ስዘጋ እሱ ፎቶውን ከግድግዳው ነቅሎ ብርሃን ፊት በጀርባው ይዞ እያየው ነበር።

ስንነግራቸው የፊልሙ ሥራ አስኪያጅ «ማን ያውቃል? ተመልካች ግራና ቀኝ ቆጥሮ አያይም» አለ። ዳይሬክተሩ ግን ጥፍሩን እየበላ ብዙ ካሰበ በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት ካሜራ ይገባል፣ እስከዚያ የፈለጋችሁትን አድርጉ፣ ተጨማሪ ሰው ግን የለኝም አለን። ዘበኛው ሲመሽ አዳራሹን ይቆልፋል። በእጃችን ያለው ሦስት ቀን ነው፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እሱ ካቻቢቴውን ይዞ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየተንፏቀቀ ብሎን ይፈታል፣ እኔ የተፈታውን እጎትታለሁ። ኤሌክትሪሻኑ ዓርብን ውሎ የጠረጴዛዎቹን ሽቦ አዛወረልንና የራሱ ጣጣ ነበረውና ሄደ። ምሰሶው ውስጡ ባዶ ነው፣ ቢሆንም አራት ሜትር ኮምፔንሳቶ ነው፤ ለሁለት አጋድመን፣ ጋሪ ላይ አስተኝተን፣ እየተሳደብን ወደ ግራ አሻገርነው። የተሳደብኩት እኔ ነኝ እንኳ። በክፍሉ ያስረጀሁት ሁሉ ወዲያ ማዶ ቀረ፤ የጫማ ቁሻሻው፣ የወንበር ጀርባ የፋቀው ግድግዳ፣ ፀሐይ ያነጣው ጎን። ያረጀውን ወጣት አደረግሁት፣ ወጣቱን አስረጀሁት። እኔን ወጣት የሚያደርገኝ ግን የለም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ባሌ ጠረጴዛ ሥር በጀርባው ተኝቶ ሰዓቱን አየ። «አሁን ያደነዝዙኝ ነበር» አለ። አልሳቅኩለትም። ሊነሳ ሲል ጉልበቱ እምቢ አለው፣ ቀበቶውን ይዤ ሳነሳው ሜትሩ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። በሠላሳ አንድ ዓመት ከወገቡ ወርዶ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሰጠሁት፣ መልሶ ሰካው። በጣም ነበር የደከመን።

እሑድ ከሰዓት፣ ሁሉም ቦታውን ከያዘ በኋላ፣ ምሰሶውን አሳየኝ። «እዚህ ጋ፣ ከወንበሩ በላይ፣ አንድ መዳፍ የሚያህል አብሪልኝ። እዚያ በሠሩበት ሁለት ዓመት ሲነሱ ሲቀመጡ የነኩት ነው፣ ቀለሙ ይሳሳል።» የወለል ሰም በጨርቅ አደረግሁና በገዛ መዳፌ አንድ ሰዓት ሙሉ አሸሁት። ካሜራ አያየውም። እየተነጫነጭኩም ቢሆን አሸሁት።

አዳማጯ ግን አልመጣም አሉ። ባሌ ደውሎ ሲለምናቸው እሰማለሁ። «አይ ልጄ፣ አንዴ አየሁት እኮ፣ ይበቃኛል» ይላሉ። እሱ ልመና አይችልም፣ ስልኩን ነጠቅሁት።

«እትዬ፣ የተሳሳትነው እኛ ነን» አልኳቸው። «የሰጡን ፎቶ ተገልብጦ የታጠበ ነው፣ እኛም ሳናውቅ ክፍሉን ገልብጠን ሠራነው።»

ከስልኩ ወዲያ ወንበር ሲሳብ ተሰማኝ።

«ምሰሶው በግራዬ ነበር፣ አይደል?» አሉ።

«በግራዎ ነበር።»

«ስንት ሰዓት ልምጣ?»

ሰኞ ጠዋት ካሜራዎቹ ገና በሳጥናቸው እንዳሉ መጡ። ያው ግራጫ ሹራብ ነው። መግቢያው ላይ አልቆሙም፣ ማንም ክርናቸውን አልያዘም፣ በሁለት ረድፍ መሀል ቀጥ ብለው ሄዱ። ሊቀመጡ ሲሉ ዓይናቸውን ሳያዞሩ ግራ እጃቸውን ሰደዱ፣ እጁ ምሰሶው ላይ፣ እኔ ባሸሁት ቦታ ላይ አረፈ። በሁለት ጣት ብቻ ስቼዋለሁ። ተቀመጡ፣ ጆሮ ማዳመጫውን አደረጉ፣ ወደ ነጩ ሰሌዳ ቀና ብለው ጠበቁ።

ባሌ መቆም ስላቃተው ከምሰሶው ወዲያ፣ መብራቱ ሥር፣ ወለሉ ላይ ማብሪያውን ይዞ ተቀምጧል። እኔ ሰሌዳው አጠገብ ነኝ፣ ዳይሬክተሩ ደግሞ ወደ ኋላ። ዳይሬክተሩ ግድግዳውን ያያል፣ ሴትየዋን ያያል፣ እንደገና ግድግዳውን ያያል። አንድ ጊዜ ሊናገር ሲል ጣቴን አፌ ላይ አደረግሁ። ጊዜው ረዘመ። ዳይሬክተሩ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፣ የዕለቱ ጽሑፍ ነው፣ ብዕር ከአንገቱ ላይ ፈታ፣ አንድ መስመር ላይ አግድም ሰረዘ።

በመጨረሻ እሳቸው ማዳመጫውን ከአንድ ጆሯቸው ገፋ አደረጉት። ፊታቸውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አላዞሩም፣ እንደ ያኔዋ ልጅ ወደ ሰሌዳው እንዳዩ ነው።

«ልጆቼ፣ ወገቤ ብዙ አይችልም። መብራቱን መቼ ነው የምታበሩት?»

«ገና ሲቀመጡ አብርቼዋለሁ፣ እትዬ» አለ ባሌ ከምሰሶው ጀርባ። «አሥራ አንድ ደቂቃው አሁን ሞላ።»

መዳፋቸውን መልሰው ምሰሶው ላይ አደረጉ።

«አልተኛሁም ነበር፣ እማዬ» አሉ።